ተኝተው የሚታከሙ ዓሦች

ታቢታ ሳይመረምር መድኃኒት የሚሰጥ ሰው አይጥማትም። ሐዋሳ ባህል አዳራሽ አካባቢ ባለው የሕፃናት ክሊኒክ ይህን ጠባይዋን የማያውቅ የለም። ስምንት ዓመት ሙሉ ከላብራቶሪው መስኮት ጀርባ ተቀምጣ የደም ጠብታ ስታይ ኖራለች፤ ውጤት ሳይደርሳቸው ወባ ነው ታይፎይድ ነው ብለው ማዘዣ የሚጽፉ ሐኪሞችንም ትልቅ ትንሽ ሳትል አፋጥጣለች። የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ሐዳሳ እንኳ የእሷ ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ ካልደረሰ እስክሪብቶ አያነሡም።

እንግዲህ ይህችው ሰው ናት ከሁለት ወር በፊት አራት የባሕር ዓሦችን ሳትመረምር መድኃኒት ሰጥታ በአንድ ቀን የጨረሰቻቸው። ይህን ደግሞ ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ክሊኒኩ ዓሣ ያስገባ የሚለውን ሐሳብ ያመጣችውም ራሷ ናት። ለምርመራ ደም ሊሰጡ የሚመጡ ልጆች መርፌውን ገና በሩቅ ሲያዩት ጣራ እስኪነቀል ያለቅሳሉ። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ቀለም ያላቸው የባሕር ዓሦች ቢኖሩ ዓይናቸው እዚያ ላይ ይተከላል ብላ ዶክተር ሐዳሳን ጨቀጨቀች። ሠራተኛው ሳቀባት፤ ሐይቁ አፍንጫችን ሥር እያለ ከባሕር ዓሣ ማስመጣት ምን የሚሉት ቅብጠት ነው ተባለ። ዶክተሯ ግን ተስማሙ። ዓሦቹን ያስመጣው ኑሪ ነበር። መሃል ከተማ ከአባቱ የተረከበው የዕቃ ሱቅ አለው፤ ግማሹን ሳህንና ፕላስቲክ ሞልቶበት በሌላው ግማሽ ዓሣና የዓሣ ገንዳ ይሸጣል። የባሕሩን ዓሣ በትእዛዝ ብቻ ነው የሚያመጣው፤ ከጂቡቲ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ፣ በላስቲክ ውስጥ እየተንሳፈፈ።

በሦስተኛው ቀን አንደኛው ዓሣ ገላውን ድንጋይ ላይ ማከክ ጀመረ። ታቢታ ደነገጠች። አንድ ጊዜ ቢያሳክከው ምን ነበር? ሰውን እንኳ ያሳክከዋል። እሷ ግን ጥገኛ ተባይ ነው ብላ ደመደመች፤ ሌሎቹን ሳይጨርስ ልቅደመው ብላ የመዳብ መድኃኒቱን ጠርሙስ አነሣች። ጠርሙሱ ላይ መጠኑ የተጻፈው ለጋሎን ነው። እሷ ለሊትር አስልታ ጨመረች፤ አራት እጥፍ ማለት ነው። በማግስቱ ጠዋት አራቱም በጎናቸው ተንሳፍፈው አገኘቻቸው። ጠርሙሱን እንደገና ያነበበችው ያኔ ነው።

ዶክተር ሐዳሳ መጥተው «ምን ነካቸው?» ሲሉ «ታመው ነው የመጡት» አለች። ከአፏ ሾልኮ ወጣ። ሾልኮ የወጣ ነገር ይመለሳል፤ አንድ ጊዜ «ተሳስቼ ነው» ማለት በቂ ነበር። አልመለሰችውም። መዳቡ ሰርጎባቸዋልና ድንጋዩንና አሸዋውን ሁሉ አውጥታ ስትጥል እንኳ ለምን እንደምትጥል የጠየቃት አልነበረም።

ኑሪ መጥቶ ባዶው ገንዳ ፊት ቆመ። «ስሰጣችሁ እየበሉ ነበር» አለ። ከዚያ በኋላ ምትክ አራት ዓሦች በነፃ እንደሚያመጣ ተናግሮ ሄደ። ወሬው ግን ከእሱ ቀድሞ መሃል ከተማ ገባ። ለሕፃናት ክሊኒክ የታመመ ዓሣ የሸጠው ሰውዬ እየተባለ ይጠቆምበት ጀመር። ታቢታ ነገ እነግረዋለሁ ስትል ነገ መጣ፤ ከነገ ወዲያም መጣ። በመጨረሻ ለራሷ አንድ ሐሳብ አበጀች። አዲሶቹን ዓሦች እንደምንም ብላ ብታቆያቸው የኑሪም ስም ይታደሳል፣ እሷም አፏን ሳትከፍት ነገሩ ያልፋል። እነዚህም ከሞቱ ግን ኑሪ በዚህ ከተማ ዓሣ የሚባል ነገር መሸጡ አበቃ። ስለዚህ አይሞቱም። ወገቧን አሰረች።

ምትኮቹ የመጡት ሰኞ ቀን ነው። ሁለቱ ብርቱካናማ ባለ ነጭ መቀነት፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ደግሞ ጥቁር ሰማያዊ ናቸው። ታቢታ በዚህ ጊዜ መጠበቂያ ክፍል ወዳለው ትልቅ ገንዳ አላስጠጋቻቸውም። ከላብራቶሪው ጀርባ፣ መጥረጊያና ጀሪካን በሚቀመጥበት ዕቃ ክፍል ውስጥ ስልሳ ሊትር የሚይዝ ባዶ መስታወት ገንዳ አዘጋጀች። አሸዋም ድንጋይም የለውም፤ ማሞቂያ፣ የአየር ፓምፕ፣ የሚደበቁበት ቁራጭ የውኃ ቧንቧ ብቻ። «ሠላሳ ቀን እዚህ ይቆያሉ» አለች።

«ትልቁ ገንዳ ሠላሳ ቀን ባዶውን ሊቀመጥ ነው?» አሉ ዶክተር ሐዳሳ።

«አዎ፣ ዶክተር። በሽታ ካለባቸው እዚህ ይውጣላቸው።»

በሽታ ነበረባቸው። በአራተኛው ቀን ሰማያዊው ዓሣ ክንፉ ላይ የጨው ፍሬ የሚያካክሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች ወጡበት። ታቢታ ጠርሙሱን አልነካችም። እጇን አርጥባ ዓሣውን በመረብ ያዘችው፤ በስላይድ መሸፈኛ ጠርዝ ክንፉን ቀስ ብላ ፋቅ አደረገችና ዓሣውን መለሰች። የፋቀችውን በአንድ ጠብታ ጨዋማ ውኃ ማይክሮስኮፕ ሥር አኖረችው። መጀመሪያ የታያት ንፍጥ ብቻ ነበር። ስላይዱን ወደ ግራ ገፋ ስታደርገው አንድ ጥቁር ክብ ነገር መጣ። ዙሪያውን ጥቃቅን ፀጉር አለው፤ በቀስታ ይሽከረከራል። አወቀችው። በነጭ ነጠብጣብ የሚታወቀው የባሕር ዓሣ በሽታ ነው። እንዳገኘችው ደስ አላት፤ ደስ ማለቷ ደግሞ አሳፈራት።

መድኃኒቱ አሁንም ያው መዳብ ነው። የዛሬውን ከያኔው የሚለየው መለኪያው ብቻ ነው። የውኃውን ልክ በሊትር አሰላች፤ መጠኑን በሦስት ቀን ከፋፍላ በሲሪንጅ እየጠባች ጨመረች። ጠዋትና ማታ ውኃውን በመስታወት ቱቦ እየቀዳች የመዳቡን ልክ በቀለም አነበበች፤ እያንዳንዱንም ውጤት ከደም ምርመራ መዝገቧ ጀርባ ጻፈች። ነጠብጣቦቹ በስምንተኛው ቀን ጠፉ። መጥፋታቸው ግን አላታለላትም፤ ተባዩ ከገላ ወርዶ እንደገና እንደሚወጣ አንብባለች። መዳቡ የታዘዘለትን ቀን እስኪጨርስ ድረስ አላቋርጥም አለች።

ይህ ሁሉ ሲሆን መጠበቂያ ክፍሉ ሌላ ጉዳይ ይዞ ነበር። ልጆች ባዶውን ገንዳ እያዩ ዓሦቹ የታሉ ብለው ይጠይቃሉ፤ ካርድ የምታወጣው ሲስተር ሮዳስም «ታመው ተኝተዋል፤ ከኋላ እየታከሙ ነው» ትላቸዋለች። እውነቷን ነው። እንዲህ ዓይነት እውነት ግን ሐዋሳ ውስጥ ብቻውን አይቀመጥም። ተኝቶ የሚታከም ታማሚ ካለ ጠያቂ አለ። እናቶቹ «ውይ፣ አፈር ስሆን!» ይላሉ፤ ልጆቹ እንያቸው ብለው ቀሚስ ይጎትታሉ። የዕቃ ክፍሉ ቁልፍ ደግሞ በዘበኛው በጋሽ ሽበሺ እጅ ነው። ጋሽ ሽበሺ ሰው ሲለምናቸው እንቢ ማለት የማይችሉ አዛውንት ናቸው። ታቢታ ምሳ ስትወጣ በሩን ከፈት ያደርጋሉ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ታቢታ ገብታ ስታይ አራቱም ዓሦች ውኃው ፊት ላይ አፋቸውን ከፍተው አየር ይጎርሳሉ። ጉሮሯቸው አጠገብ ያለው ስንጥቅ በፍጥነት ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ውስጡ ደም መስሏል። ሰማያዊው ቀለሙ ገርጥቶ ወደ ጎን አዘንብሏል።

ተባዩ ወደ መተንፈሻቸው ገብቷል፤ መዳቡ አንሶት ነው፤ አሁኑኑ ካልጨመርኩ ከሰዓት ድረስ አይቆዩም አለች። ጠርሙሱን አነሣች። ሲሪንጁን ሞላች። ልትጨምር ገንዳው ላይ ዘንበል ስትል ያኔም በዚሁ እጇ እንደነበር ትዝ አላት። ሲሪንጁን መልሳ ጠርሙሱ ውስጥ ባዶ አደረገችው። «ይመርመር» አለች ጮክ ብላ፣ ብቻዋን።

መዳቡን ለካች፤ ልኩ ትክክል ነው። ከሰማያዊው ገላ ፋቀች፤ ስላይዱ ንጹሕ ነው፣ የሚሽከረከር ነገር የለም። ታዲያ ምን? የቀረው ውኃው ነው። ከብስባሽና ከኩስ ለሚወጣው መርዝ፣ ለአሞኒያ፣ የሚሆነውን ማሳያ ቱቦው ውስጥ አንጠባጠበችና ጠበቀች። ቢጫ መሆን ሲገባው ጥቁር አረንጓዴ ሆነ። ዓሦቹን የሚገድላቸው በሽታው አይደለም፤ የሚተነፍሱት ውኃ ተመርዟል።

ከየት መጣ? እሷ በቀን አንዴ ከቁንጣሪ ያነሰ ምግብ ነው የምትሰጣቸው። የቧንቧውን ቁራጭ አነሣችው። ከሥሩ የበሰበሰ ሙዝ፣ የዳቦ ፍርፋሪ፣ የእንቁላል አስኳል፣ የተቀቀለ የሐይቅ ዓሣ ቁራጭ ሳይቀር ተከምሯል። ታቢታ ያን ስታይ መናደዷን ረስታ አፏን ይዛ ቀረች።

ውኃው ግማሹ አሁኑኑ መቀየር አለበት። የተጣራ ውኃ በጀሪካን አላት፤ የባሕር ጨዉ ግን ትናንት አልቋል። ሐዋሳ ውስጥ ያ ጨው ያለው አንድ ሰው ጋ ብቻ ነው። ደወለች።

«ኑሪ፣ ታቢታ ነኝ። ጨው እፈልጋለሁ፤ አሁን። ዓሦቹ እየሞቱ ነው።»

«መጣሁ» ብሎ ዘጋው።

ኑሪ በባጃጅ የጨዉን ባልዲ ይዞ እስኪደርስ ዶክተር ሐዳሳ ገብተው ገንዳው ሥር የተገኘውን አይተዋል፤ ጋሽ ሽበሺም ተጠርተው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል።

«ማን ነው ይህን ሁሉ የጣለባቸው?» አሉ ዶክተሯ።

«ጠያቂዎች ናቸው። እኔም አለሁበት» አሉ ጋሽ ሽበሺ። «ታማሚ እንዴት ባዶ እጅ ይጠየቃል? ዓሣውን ልጄ ናት ቀቅላ የሰጠችኝ። አፋቸውን ሲከፍቱ ራባቸው ብዬ…»

«የመጀመሪያዎቹንስ? ለእነሱም ሰጥተዋቸዋል?»

አዛውንቱ ትንሽ አሰቡ። «ዳቦ ጣል አድርጌላቸዋለሁ። አንድ ቀን።»

«በቃ! እነሱንም የጨረሷቸው እርስዎ ነዎት ማለት ነው!»

ጋሽ ሽበሺ ለመከራከር አልሞከሩም። ባርኔጣቸውን አገላበጡት። «እኔ ነኝ እንግዲህ» አሉ በቀስታ። «የልጆቹን ዓሣ በእጄ ገደልኩ።» ዓይናቸው ሞላ።

ኑሪ ባልዲውን በሩ ላይ አስቀመጠ። ሁሉን ሰምቷል። «ታዲያ ታመው አልነበረም የመጡት» አለ። ጥያቄ አልነበረም። ከትከሻው ላይ አንድ ነገር የወረደለት ይመስል ነበር።

ታቢታ ባልዲውን ስባ ጨዉን ጀሪካኑ ውስጥ መለካት ጀመረች። እጇ ይሠራል፤ ጭንቅላቷ ሌላ ነገር ያሰላል። ለሁለት ወር የተመኘችው ነገር እነሆ በራሱ እግር መጥቶላታል። የኑሪ ስም ነጻ ወጣ። የእሷም ስም አልተነካም። ዶክተሯም ደግ ናቸው፤ ጋሽ ሽበሺን አንድ ቀን ተቆጥተው ይረሱታል። ማድረግ ያለባት ዝም ማለት ብቻ ነበር፤ ዝም ማለት ደግሞ ለምዳዋለች። ቀና ስትል አዛውንቱ በእጃቸው ጀርባ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። አላስቻላትም።

«የመጀመሪያዎቹን የገደልኳቸው እኔ ነኝ» አለች።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

«ዳቦው አይደለም። ሳልመረምር መዳብ ጨመርኩባቸው። የጋሎኑን መጠን ለሊትር አስልቼ አራት እጥፍ ሰጠኋቸው። በማግስቱ አወቅሁ። ዶክተር ሲጠይቁኝ ታመው ነው የመጡት አልኩ። ዋሸሁ። ኑሪ የሸጠልን ጤነኛ ዓሣ ነበር።» ወደ ጋሽ ሽበሺ ዞረች። «ጋሼ፣ እርስዎ ምንም አልገደሉም። አሁን ያንን ጀሪካን ያቀብሉኝ፤ እነዚህ ገና አልሞቱም።»

ዶክተር ሐዳሳ ወደ አዛውንቱ ዞሩ። «ጋሽ ሽበሺ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ መጀመሪያ። ከዚያ ለእሷ «ሰኞ ቢሮዬ ትመጪያለሽ» ብለው ወጡ። ታቢታ ሰኞ ምን እንደሚጠብቃት አላወቀችም፤ በዚያች ሰዓት ግድም አልነበራትም።

ኑሪ እጅጌውን ሰብስቦ ከጎኗ ተንበረከከና ጨዉን ያማስል ጀመር። ውኃውን አሞቁት፣ የጨዉን ልክ ለኩ፣ መዳቡን ከገንዳው ጋር እኩል እስኪሆን በጠብታ አስተካከሉ። ጋሽ ሽበሺ ጀሪካን ያመላልሳሉ። ታቢታ ከሥር ያለውን ቆሻሻ በቀጭን ጎማ መጥጣ አወጣች፤ የቆሸሸው ግማሽ ወጣ፣ አዲሱ በቀስታ ገባ። ለካች፤ አረንጓዴው ቀነሰ፤ አልበቃትም። እንደገና ቀላቀሉ፣ እንደገና ቀየሩ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ብርቱካናማዎቹ ከውኃው ፊት ወረዱ፤ ቢጫው ተከተላቸው። ሰማያዊው መጨረሻ ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ቧንቧው ውስጥ ገባ፤ ትንፋሹም እየረጋ ሄደ። ቱቦው ቢጫ ሆነ። ጋሽ ሽበሺ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው በእጇ አኖሩላት።

ታቢታ እጇን እየጠረገች ወደ ኑሪ ዞረች። «ይቅርታ ብዬ የማልጨርሰው ነገር ነው። መሃል ከተማ ሱቅ ለሱቅ ዞሬ እናገራለሁ፤ ለማን ልንገርልህ?»

«ሱቆቹ ይቆዩ» አለ ኑሪ። «መጀመሪያ አባቴ ጋ ትመጪያለሽ። አሁን።»

በመጣበት ባጃጅ ሄዱ። የታቢታ ቀሚስ እስከ ጉልበቷ ርሷል። የኑሪ አባት ሐጂ አብዲ ከሱቁ ጀርባ ባለው ግቢ፣ ጥላ ሥር፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ኑሪ ሰላም ሲላቸው መለሱለት፤ ፊታቸውን ግን አላዞሩለትም። ታቢታ ሳትቀመጥ፣ ለክሊኒኩ ሰዎች የተናገረችውን ሁሉ አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው።

ሐጂ አብዲ መሬት መሬት አዩ። «ጋሎኑን ለሊትር?» አሉ።

«አዎ፣ ሐጂ።»

«እኔ አርባ ዓመት ላምባ ሸጫለሁ። ጋሎን ከሊትር ይለያል።»

«ይለያል» አለች ታቢታ። እንባዋ መጣ።

«ልጄ የዕቃውን ነውር ደብቆ ሸጠ፣ ያውም ለሕፃናት ሐኪም ቤት ሲሉኝ» አሉ ሽማግሌው፣ «ያ ገንዘብ ሐራም ነው አልኩ። ሁለት ወር ሙሉ እሱ ካመጣው አልቀመስኩም። ምግቤን ሴቷ ልጄ ከቤቷ ነው የምትልክልኝ። በየቀኑ ምሳ ይዞ ይመጣል፤ ይዞት ይመለሳል። ‹አላደረግኩም› አለኝ፤ አላመንኩትም።»

ታቢታ ኑሪን ልታየው አልቻለችም። ሁለት ወር ሙሉ የኑሪ ስም፣ የእኔ ስም ስትል ስትኖር ይህን አታውቅም ነበር።

ሐጂ አብዲ በከዘራቸው ተመርኩዘው ፊታቸውን ወደ ልጃቸው አዞሩ።

«ኑሪ፣ ምሳ በልተሃል?»

«አልበላሁም፣ አባ።»

«እኔም አልበላሁም» አሉ። «አምጣና እንብላ።»

ኑሪ ምሳውን ሊያመጣ ወደ ሱቁ ሮጠ።